ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር እና የወሎ የዐጀም ትምህርት

ትምህርት ወደ ሰው ልብ የሚገባበት በር ቋንቋ ነው። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ ኀይልም አካልን አስገድዶ ወደ ፈለገው ስፍራ ይወስዳል፤ ልብ ግን የሚከተለው የገባውን ቃል ብቻ ነው። ይህ እውነት በብዙ አገር ታሪክ ተፈትኖ የታየ ሲሆን፣ በእኛም አገር ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በወሎ ምድር በግልጽ ተመስክሯል። የዚህ ጽሑፋችን ዓላማም ያንን ምስክርነት፣ ይልቁንም በመካከሉ የነበሩትን የአንድ ሊቅ ሕይወት፣ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ነው።

ይህን የምንጽፈው በጋሞ ዞን፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ፣ ከዓባያ ሐይቅ በስተምዕራብ በምትገኘው በሙዝ ምርቷ በታወቀችው በላንቴ ሆነን ነው። በላንቴ የሚያስተምር መምህር ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። በቤቱ ጋሞኛ ሲነገር ያደገ ሕፃን ትምህርቱን በጋሞኛ ሲጀምር ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ይከራከራል፤ በማያውቀው ቋንቋ ሲጀምር ግን የሰማውን እየደገመ ዝም ይላል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ካደረገ ወዲህ ይህ ነገር በየትምህርት ቤቱ መነጋገሪያ ሆኖ ኖሯል። ነገሩ ትናንት የተጀመረ የሚመስለው ሰው ቢኖር ግን፣ ወደ ሰሜን ተሻግሮ የወሎን የእስልምና ሊቃውንት ታሪክ ይመርምር። እነርሱ መንግሥት ሳያዛቸው፣ ማተሚያ ቤትም ሳይኖራቸው፣ ከፍ ያለውን ትምህርት በገበሬው ቋንቋ ማስተማር የጀመሩት ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

በወሎ እስልምና ሥር ሰድዶ የተስፋፋው ከሁሉ ይበልጥ በሱፊ ሊቃውንት ድካም ነው። ሱፊ የሚባለው የሃይማኖቱን ሕግ ከመጠበቅ ጋር ራሱን በጸሎት፣ በዚክርና በትሕትና ወደ ፈጣሪው ለማቅረብ የሚደክም ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ጠሪቃ በሚባል መንገድ፣ ማለት በመምህርና በደቀ መዝሙር ሰንሰለት፣ እየተያያዙ ይኖራሉ። በአገራችን ከታወቁት መንገዶች ውስጥ ቃዲሪያ፣ ሰማኒያና ቲጃኒያ የሚባሉት ይገኛሉ። በ1799 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ በ1855 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት ሰይድ ቡሽራም በቃሉ ውስጥ ገታ በተባለው ስፍራ የመሠረቷቸው የትምህርትና የጸሎት ማዕከሎች በወሎ ብቻ ሳይወሰኑ ከሩቅ አገር ተማሪና ተሳላሚ የሚጎርፍባቸው ሆኑ። ጀማ ንጉሥ እስከ ዛሬ በመውሊድ በዓሉ፣ ገታም በዚያራው የታወቁ ናቸው።

በእነዚህ ስፍራዎች የነበረው የትምህርት ሥርዐት ከቤተ ክህነቱ የቆሎ ተማሪ ኑሮ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ደረሳ የሚባለው ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው ሸህ እየተዘዋወረ፣ የአካባቢው ሰው በሚሰጠው ምግብ እየኖረ ይማራል። መጀመሪያ ቁርኣን ይቀራል፤ ቀጥሎ ፊቅህ የተባለውን የሕግ ትምህርት፣ ከዚያም ነሕውና ሶርፍ የተባሉትን የዐረብኛ ሰዋስው ክፍሎች ያጠናል። አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ዓመታት ይወስድበታል። በመጨረሻም ከመምህሩ ፈቃድ ተቀብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እርሱም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።

ነገር ግን በዚህ ሥርዐት ውስጥ አንድ ትልቅ ችግር ነበረ። መጻሕፍቱ በሙሉ የተጻፉት በዐረብኛ ነው። ሞፈር ይዞ የሚውለው ገበሬ፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳው እናት፣ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ሰዋስው የሚያጠኑበት ጊዜ የላቸውም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች የሃይማኖታቸውን ምሥጢር የሚያውቁት በምን ነው? የጸሎቱን ቃል በልብ ያጠኑታል፤ ትርጓሜውን ግን የሚነግራቸው ያስፈልጋል። የወሎ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዐጀም የሚባለው ሥራ ነው። ዐጀም ማለት ከዐረብ ወገን ያልሆነ ማለት ሲሆን፣ በአገራችን በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ወይም የሌላ የአገር ቋንቋ ድርሰት በዚሁ ስም ይጠራል።

ከዚህ ሥራ ዋና ዋና ባለቤቶች አንዱ ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር ናቸው። የተወለዱት በ1845 ዓ.ም. ገደማ ነው። ልጅነታቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለማስገበር በተደጋጋሚ በዘመቱበት ዘመን ያለፈ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲሆን ደግሞ መላ ሕይወታቸውን የለወጠው ነገር መጣ፤ ይኸውም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው።

በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከደሴ በስተሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ተሰበሰቡ። ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ለተዋሕዶ ከፈረደ በኋላ፣ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ክርስትና እንዲነሡ ተወሰነ። ሹማምንቱም ከሹመታቸውና ከሃይማኖታቸው አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። ታላቁ የወሎ ባላባት ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እኒህ ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ።

ታሪክን የሚመረምር ሰው የንጉሠ ነገሥቱን አሳብ ሳይመዝን ሊያልፍ አይገባውም። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. የግብጽን ጦር በጉንዴትና በጉራዕ ድል ያደረጉ፣ ድንበራቸውም በብዙ ጠላት የተከበበባቸው ንጉሥ ነበሩ። የሃይማኖት አንድነት የመንግሥትን አንድነት ያጸናል ብለው ያምኑ ነበር። አሳቡ በዘመኑ በሌላም አገር ነገሥታት ዘንድ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የተመረጠው መንገድ በሕዝቡ ላይ ብርቱ መከራ አመጣ። ብዙ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። በስፍራቸው የቀሩትም ቢሆኑ በአፋቸው እሺ አሉ እንጂ በልባቸው አልተለወጡም። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የነበሩት ካቶሊካዊው ጳጳስ ማስያስ፣ በግድ የተጠመቁት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ጥምቀቱን ለማጠብ ወደ መስጊዳቸው ይሄዱ እንደ ነበር ጽፈዋል። አንድ አዋጅ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ሲያገኝ፣ ያወጀውን መንግሥትም የታዘዘውን ሕዝብም አላተረፈም ማለት ነው።

ሸህ ጦልሐ ይህን አዋጅ ከተቃወሙት ሰዎች በግንባር የሚቆጠሩ ናቸው። በመጀመሪያ የመረጡት መንገድ የጦር መሣሪያ ነበር። ተከታዮቻቸውን አስተባብረው በመሸፈት ተዋጉ፤ በሱዳን ከተነሡት ደርቡሾች ጋርም ግንኙነት አደረጉ። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው፣ ከመጻሕፍትና ከመቁጠሪያ ጋር የኖረ ሊቅ ጦር ማንሣቱ ሊያስገርመው ይችላል። ነገር ግን በሕዝቡ ዘንድ ሸህ የሚባለው ሰው መምህር ብቻ አልነበረም፤ ዳኛም፣ አስታራቂም፣ በጭንቅ ቀን መሸሸጊያም ነው። ጭንቁ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ወደ እርሱ ተመለከተ፤ እርሱም አልሸሸም።

የጦርነቱ ውጤት ግን ምን ነበር? ሽፍትነቱ አዋጁን አላስሻረም፤ አዋጁም ሽፍትነቱን የወለደውን እምነት አላጠፋም። በሁለቱም ወገን ደም ፈሰሰ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ። ዐፄ ምኒልክ ከነገሡ በኋላ የሃይማኖቱ ጉዳይ እየላላ ሄደ፤ ብዙ ሰዎችም ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ። ሸህ ጦልሐም ከጦር ሜዳ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን እስካረፉ ድረስ፣ የቀረ ዕድሜያቸውን በማስተማርና በመድረስ አሳለፉ። እኛም የእኒህን ሊቅ ታላቅነት የምንፈልገው ከዚህ ከሁለተኛው የሕይወታቸው ክፍል ነው።

የዐጀም ጽሕፈት ቀላል ሥራ አይደለም። የዐረብኛ ፊደል ሃያ ስምንት ሲሆን፣ ለአማርኛው ገ፣ ቸ፣ ጨ፣ ኘ እና ዠ የሚሆን የራሱ ምልክት የለውም። ስለዚህ ጸሐፊው በድምፅ የሚቀርበውን ፊደል ይዋሳል፤ ወይም ባለው ፊደል ላይ ነጥብ ይጨምርበታል። አናባቢዎቹማ ከዚህም ይብሳሉ። አማርኛ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ ሲኖረው፣ ዐረብኛ ያለው ሦስት ምልክትና የእነርሱ ማስረዘሚያ ብቻ ነው። ለምሳሌ «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩበት የተወሰነ ምልክት በዐረብኛው ሥርዐት አይገኝም። እንግዲህ አንባቢው ቃሉን የሚያውቀው ከፊደሉ ብቻ ሳይሆን ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ጭምር ነው። የግዕዝ ፊደል እያለ ስለ ምን በዐረብኛ ፊደል ጻፉ የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ ቅርብ ነው፤ ፊደላችን በዚያን ዘመን የሚሰጠው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ስለ ነበረ፣ ደረሳው ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው የቁርኣኑን ፊደል ስለ ሆነ ነው።

ሸህ ጦልሐና የዘመን ጓደኞቻቸው በዚህ ፊደል የጻፉት አብዛኛው ድርሰት ግጥም ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ማንበብ የማይችል ሕዝብ መጽሐፉን የሚያኖረው በልቡ ስለ ሆነ፣ ቤት የሚመታ ቃል ከማይመታው ይልቅ በቶሎ ይያዛል፤ ሳይጎድልም ለልጅ ይተላለፋል። መንዙማ የሚባለው ይህ ነው። መሪው ስንኙን ያወጣል፤ ተሰብሳቢው አዝማቹን ይቀበላል፤ ድቤ ይመታል፤ ጭብጨባ ይከተላል። በውስጡ የፈጣሪ ምስጋና፣ የነቢዩ ሙሐመድ ውዳሴ፣ ስለ አገርና ስለ ዝናም የሚቀርብ ልመና፣ የቀደሙ ቅዱሳን መታሰቢያ አለ። ከዚህም በላይ የእምነት መሠረትና የአምልኮ ሥርዐት ትምህርት ይገኝበታል። ሌሊቱን በሐድራ ያሳለፈ ገበሬ ሲነጋ ወደ እርሻው የሚሄደው አንድ ትምህርት ይዞ ነው፤ በሬውን እየነዳም ያንኑ ያንጎራጉረዋል። አንድም ቀን ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ተማረ ማለት ነው።

በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ የዐረብኛና የአማርኛ ቃላት ጎን ለጎን ይቆማሉ። የሃይማኖቱ ስያሜ በዐረብኛው ሲቀመጥ፣ ማብራሪያው፣ ልመናውና እንጉርጉሮው በገበሬው አማርኛ ይሆናል። በዚህም ምክንያት የወሎ አማርኛ ብዙ አዲስ ቃል አተረፈ፤ የዐረብኛውም ትምህርት የአገሩን ጠባይ ለበሰ። አማርኛ የአንድ ሃይማኖት ቋንቋ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ ከእነዚህ ድርሰቶች የበለጠ የሚያፈርሰው ማስረጃ የለም።

ሸህ ጦልሐ በዚህ ሥራ ብቻቸውን አልነበሩም። በሾንኬ ተራራ ላይ በአርጎባዎች መካከል የኖሩት፣ በ1929 ዓ.ም. ገደማ በታላቅ ዕድሜ ያረፉት ሸህ ጀውሀር ሐይደርም በዚሁ መስመር የሚታሰቡ ሊቅ ናቸው። ሕዝቡ እንደ እነዚህ ያሉትን ሰዎች ወሊይ፣ ማለት የአላህ ወዳጅ፣ ብሎ ይጠራቸዋል። ይህ ማዕረግ በጉባኤ የሚሰጥ አይደለም። ጸሎቱን፣ ትዕግሥቱን፣ የተጣላ ማስታረቁን፣ የተራበ ማብላቱን ያየ ሕዝብ በጊዜ ብዛት የሚመሰክረው ነው። ከሞቱ በኋላም መቃብሩ የዚያራ ስፍራ ይሆናል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጋብቻና በዝምድና የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ወገን ደግ ሰው ለሌላውም ወገን ደግ ሰው ሆኖ ይከበራል።

ዓለምን ስንመለከት ይህ ነገር የወሎ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። በቱርኮች አገር ዩኑስ ኤምሬ የተባለው ሱፊ፣ ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ሊቃውንቱ በዐረብኛና በፋርስ ቋንቋ ሲጽፉ እርሱ በተራው ሰው ቱርክኛ ገጥሞ እስከ ዛሬ ይታወሳል። በምዕራብ አፍሪካም በ19ኛው መቶ ዓመት የዑስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ ናና አስማኡ በሐውሳና በፉላኒ ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ግጥም እየደረሰች፣ መምህራት የሆኑ ሴቶችን አደራጅታ በየመንደሩ ያሉ እናቶችን አስተምራለች። እነዚህ ሰዎች ከወሎ ሊቃውንት ጋር በአካል አልተገናኙም፤ አንድ ዓይነት ችግር ስላጋጠማቸው ግን አንድ ዓይነት መድኀኒት አገኙ።

የዘሩት ዘርም ፍሬ አፍርቷል። ቅዱስ ቁርኣን ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ሲታተም፣ የተረጎሙት ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ነበሩ። ሥራቸው በባዶ ሜዳ ላይ የተጀመረ አልነበረም፤ የዐረብኛውን ምሥጢር በአማርኛ መግለጽ በዐጀም ጸሐፊዎች ዘንድ አስቀድሞ የተለመደ ነገር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ ከወጡ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የአገር በዓላት ሆነው ተደነገጉ። መንዙማውም በካሴት እየተቀዳ ከወሎ ተራሮች ወደ ከተሞች ወረደ። እርግጥ ነው፣ ዛሬ በሙስሊሞች መካከል ስለ ድቤው፣ ስለ መቃብር ዚያራውና ስለ ቅዱሳን ምልጃ ክርክር አለ፤ አንዱ ወገን የአባቶች ውርስ ነው ሲል፣ ሌላው በሃይማኖቱ ላይ የተጨመረ ነው ይላል። ያንን መዳኘት የሃይማኖቱ ሊቃውንት ፈንታ ነው። ድርሰቶቹ የአገር ቅርስ መሆናቸውን ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

ሆኖም ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንጽፍና ስናስተምር፣ ይህን ክፍል ዘልለነው መሄድ የለመድነው ነገር ሆኗል። የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች ሰብስቦ በ1918 ዓ.ም. በአውሮፓ ያሳተመው የጣሊያን ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ቆይቶም የሆላንዱ ሊቅ ድሬውስ ስለ እስልምና አማርኛ ጽፏል። ከአገራችን ሰዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ ሸህ ጦልሐ ሕይወትና ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና ያደረጉት ምርመራ የማይረሳ ነው። ይሁን እንጂ ምርመራው የታተመው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ግጥሙን የሚያንጎራጉረው ገበሬ ሊያነበው አይችልም። በየቤቱና በየመስጊዱ የተቀመጠው የዐጀም ብራናና ወረቀትም በእሳት፣ በምስጥና በዝናም ይጠፋል።

ከዚህ ላይ በላንቴና በአካባቢዋ ያለን ሰዎች የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ በቁጣ የወጡትን ወጣቶች የመለሱት የጋሞ አባቶች ናቸው። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በመንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያንን ምልክትና ያንን ቃል ወጣቶቹ ከእናቶቻቸውና በዱቡሻ ከተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ያውቁት ስለ ነበረ ነው እንጂ፣ በማያውቁት ቋንቋ ቢነገራቸው ኖሮ ልባቸው ባልራራ ነበር። የጋሞ አባት ሣርና የወሎው ሸህ መንዙማ በሃይማኖትና በአገር ይራራቃሉ፤ በአሠራራቸው ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ሰውን የሚመልሱት እርሱ በሚያውቀው ነገር ነው።

ስለዚህ መምህራን በየአካባቢያቸው ያለውን የሽማግሌ ቃል፣ መዝሙርና ምርቃት ከተማሪዎቻቸው ጋር ቢመዘግቡ፣ የመንግሥት ሠራተኞችም የሚያወጡትን መመሪያ የሚሰማው ሕዝብ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ምሳሌ እንደሚገባው ቢያስቡ፣ ለአገር ታላቅ ጥቅም ይሆናል። በወሎ ያሉት ደግሞ የዐጀሙን ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ገልብጠው ለትውልድ ቢያቆዩ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የጎደለውን ገጽ ያገኛል።

የቦሩ ሜዳ አዋጅ ሦስት ዓመት ቀጠሮ ሰጥቶ ነበር፤ ቀጠሮው አለፈ፤ አዋጁም ከአዋጂው ጋር ታሪክ ሆነ። ሸህ ጦልሐ ያነሡት ጦርም እንዲሁ ወደ ሰገባው ተመለሰ። የደረሱት ቃል ግን አልተመለሰም። በወሎ አንድ ሌሊት ድቤ በተመታ ቁጥር፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የታላቅ ሊቅ ትምህርት በገዛ ቋንቋው ይቀበላል።